ኦርስተን፦ ከስዊድን የካምብሪያን ኖራ ድንጋይ ጥቃቅን ቅሪተ አካል በአሲድ ማውጣት

#1 ድንጋይ_ለቃሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥቁር ኖራ ድንጋይ ምክር ፈልጌ ነው። ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ነው፤ ከደቡብ ስዊድን፣ ቬስተርዮትላንድ ውስጥ ካለው የሺኔኩሌ ተራራ፣ በባለመሬቱ ፈቃድ የተነሳ። ቅርጹ ድቡልቡል ሆኖ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ነው። በመዶሻ ሲመታ የበሰበሰ እንቁላልና የናፍጣ ቅልቅል የሚመስል ሽታ ይወጣዋል። ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲነካው ወዲያው ይንተከተካል።

ኦርስተን የሚሉት የካምብሪያን ዘመን (የዛሬ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ) ጥቁር ኖራ ድንጋይ ይህ ከሆነ ውስጡ እግርና ፀጉራቸው ሳይቀር የተጠበቁ ጥቃቅን እንስሳት ሊኖሩ ይችላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ያለኝ 10% ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ድንጋዩን ሰባብሬ በዚሁ ልዘፍዝፈው? ወንፊቱስ ምን ያህል ቀዳዳ ያለው ይሁን?

#2 ወንፊት63

ወንድሜ፣ ያንን አሲድ ወደ መደርደሪያው መልሰው። ለጠብታ ምርመራ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ድንጋይ ግን ገዳይ ነው።

የኦርስተን እንስሳት አካል የተጠበቀው በካልሲየም ፎስፌት፣ ማለትም በአፓታይት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካልሳይቱንም (የኖራ ድንጋዩን ማዕድን) አፓታይቱንም ይበላል። ባልዲው ሥር የሚቀርልህ ጥቁር ጭቃና ፓይራይት (የብረትና የድኝ ማዕድን) ብቻ ይሆናል። ሃይድሮክሎሪክ የሚሠራው ቅሪተ አካሉ ወደ ሲሊካ ለተለወጠ ኖራ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለፎስፌት የሚሆነው ደካማ አሲድ ነው፦ አሴቲክ (የአቼቶው አሲድ)፣ ያውም ተገርቶ፣ ማለትም ኃይሉ እንዲበርድ ተደርጎ። ዝርዝሩን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ድንጋዩ በትክክል ከየትኛው ንብርብር እንደሆነ ይታወቅ።

#3 ጥቁርሼል

ሺኔኩሌ በቬነርን ሐይቅ ዳር ያለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 306 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። ንብርብሩ እንደ ተደራረበ እንጀራ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ከሥር ጥንታዊው ግናይስ፣ ቀጥሎ የታችኛው ካምብሪያን አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁሩ አሉም ሼል (ከጭቃ የተሠራ ቅጠል ቅጠል ያለ ድንጋይ)፣ ከዚያ የኦርዶቪሺያን (ከካምብሪያን ቀጥሎ የመጣው ዘመን) ኖራ ድንጋይ፣ በላዩ የኦርዶቪሺያንና የሲሉሪያን ሸክላማ ድንጋዮች፣ በመጨረሻ ደግሞ ሁሉንም እንደ ክዳን ደፍኖ ከመሸርሸር ያተረፈው ዶለራይት፣ ከቀለጠ ዓለት የረጋ ጠንካራ ድንጋይ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በትልልቆቹ የድንጋይ ካባዎች የሚታየው ቀይና ግራጫ ኖራ ድንጋይ፣ ረጃጅም ቀጥ ያሉ የሴፋሎፖድ (የስኩዊድ ዘመዶች) ቅርፊቶች የሞሉበት፣ ካምብሪያን አይደለም፤ ኦርዶቪሺያን ነው። ኦርስተን የሚገኘው ከእሱ በታች፣ አሉም ሼሉ ውስጥ፣ እንደ ድቡልቡል ወይም እንደ ምስር ፍሬ ጠፍጣፋ ኮንክሪሽን (በደለል ውስጥ ተለይቶ የጠነከረ ድንጋይ) ሆኖ ነው። መጠኑ ከጡጫ ያነሰም፣ ከሰው ቁመት የበለጠም አለ። ጥቁር ቀለሙና ሽታው ከሬንጅ መሰል ኦርጋኒክ ቁስና ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይመጣል።

የገለጽከው ምልክት ሁሉ ወደ ኦርስተን ያደላል። የቀረው የትኛው ዞን (በቅሪተ አካሉ የሚለይ የንብርብር ክፍል) ነው የሚለው ነው፤ አሉም ሼል ከመካከለኛው ካምብሪያን ተነስቶ እስከ ኦርዶቪሺያን መግቢያ ይዘልቃልና። አዲስ የተሰበረውን ገጽ ውኃ ቀባውና በ10 እጥፍ ሌንስ እይ። ምን ይታይሃል?

#4 ድንጋይ_ለቃሚ

ገጹ በሙሉ የተበተነ የአተር ክክ ይመስላል። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር፣ ጎበጥ ያለ፣ ዙሪያው ቀጭን ጠርዝ አለው። አንዳንዱ መሐሉ ላይ ሁለት ቦይ አለው፤ አንዳንዱ ከኋላው ሁለት ትናንሽ እሾህ አለው። በንብርብር ተደርድረው አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቷል።

#5 ጥቁርሼል

እሰይ! አግኖስተስ ፒሲፎርሚስ የሚባለው ባለ ጋሻ ጥቃቅን የባሕር እንስሳ ነው። የስሙ ትርጉም ራሱ “አተር መሰል” ነው። የምታየው የራስና የጭራ ጋሻ ነው፤ ሁለት እሾህ ያለው ጭራው ነው። እንስሳው በራሱ ስም በሚጠራ ዞን ውስጥ፣ በመካከለኛውና በላይኛው ካምብሪያን መጋጠሚያ፣ የዛሬ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገኛል። ቀጥሎ ከላይ የሚመጣው የኦሌነስ ዞን ነው፤ ከዚያም ፓራቦሊና፣ ሌፕቶፕላስተስ፣ ፔልቱራ እያለ ይቀጥላል።

ዜናው ደስ የሚል ነው፤ እግርና አንቴናቸው የተጠበቀ የኦርስተን እንስሳት በብዛት የወጡት ከዚሁ ዞን ነው። የቦን ዩኒቨርሲቲው ክላውስ ሙለር ኮኖዶንት (ጥርስ መሳይ ጥቃቅን ቅሪት) ፍለጋ ድንጋዩን ሲያሟሟ ነው ያገኛቸው፤ እግራቸው ያልጠፋ ፎስፌቶኮፒኖችን (ባለ ሁለት ክክ ቅርፊት ጥቃቅን እንስሳትን) እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተመ። ከዚያ ከዲተር ቫሎሴክ ጋር ዓመታት ሠሩበት። ሬባኪየላ ኪኔኩለንሲስ የምትባለው፣ ስሟን ከዚሁ ተራራ የወሰደች እንስሳ፣ እድገቷ በ30 ተከታታይ ደረጃ ይታወቃል። 2 ሚሊሜትር የማትሞላ የ500 ሚሊዮን ዓመት ፍጥረት ከእጭነት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስትታይ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አስቡት።

ግን ተስፋህን ልክ አስይዘው። አብዛኛው ድንጋይ ባዶ ነው። አተሩ ስለበዛ እግር ይገኛል ማለት አይደለም። ደግሞም እነዚህ የአተር ጋሻዎች ካልሳይት ናቸው፤ አሲድ ውስጥ ከድንጋዩ ጋር አብረው ይሟሟሉ። ስለዚህ ከማንኛውም አሲድ በፊት ጥሩውን ገጽ ለይተህ አስቀምጥ፣ ፎቶ አንሳ። ከ3 ኪሎው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ሳይነካ ይቅር። ንብርብሩን የሚመሰክርልህ እሱ ብቻ ነው።

#6 ወንፊት63

እንግዲህ አሠራሩ። ለ1 ኪሎ ድንጋይ እጽፋለሁ።

ድንጋዩን ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር አድርገህ ስበረው። ከዚያ በላይ ማድቀቅ የለም፤ መዶሻው የሚያደቀው የምትፈልገውን ነው። አቧራውን በውኃ አጥበህ፣ አቧራውንም በሌላ ዕቃ ያዘው።

30 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ያስፈልጋል፤ ብረት አይሆንም። ከታች 3 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቀመጥ የፕላስቲክ መረብ ወይም ቀዳዳው ሰፊ የፕላስቲክ ወንፊት አስገባ፣ ድንጋዩን በላዩ ደርድር። ምክንያቱ፦ የሚለቀቀው ዝቃጭ ወደ ታች ካልወረደ ድንጋዩን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፣ አሲዱ አይደርስበትም። የተለቀቀው እንስሳም በድንጋይና በድንጋይ መሐል ይፈጫል።

አሲዱ 10% አሴቲክ ነው፣ 15 ሊትር። ድንጋዩን ከማስገባትህ በፊት በእያንዳንዱ ሊትር 10 ግራም ንጹህ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት፣ ማለትም 150 ግራም ጨምርና መንተክተኩ እስኪያልቅ ጠብቅ። ይህ የመጀመሪያ ዙር መግሪያ ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ዱቄት አያስፈልግም፤ የታወቀው ቅመም 7 እጅ ንጹህ አሴቲክ፣ 63 እጅ ውኃ፣ 30 እጅ ደግሞ ከቀድሞው ዙር የተጣራ አሮጌ ፈሳሽ ነው። ለ20 ሊትር ሲሰላ 1.4 ሊትር፣ 12.6 ሊትር እና 6 ሊትር ይመጣል።

ዋናው ቁጥር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3.6 ነው። ከዚያ በታች ከወረደ አፓታይቱ መበላት ይጀምራል። ያልተገራ 10% አሴቲክ 2.3 አካባቢ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ካልሲየም አሴቴቱ (ኖራውና አሲዱ ሲዋሃዱ የሚፈጠረው ጨው) ገና ሳይበዛ፣ ድንጋዩ ላይ ላዩን ያሉትን ቅሪቶች የሚጎዳው ያኔ ነው። ፒኤች መለኪያ ከሌለህ ወረቀቱም ይሠራል፣ ግን ከ3 እስከ 5 ያለውን በጠባብ ደረጃ የሚከፋፍለውን ዓይነት ግዛ።

ባልዲውን በክዳን አትግጠመው፤ አቧራ እንዳይገባ ብቻ ላላ አድርገህ ሸፍነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በየሦስት ቀኑ አንዴ ድንጋዩን ከነመረቡ ቀስ ብለህ ወደ ላይ አንሳና በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነከር ነከር አድርገህ መልስ። የሬንጅ ስስ ሽፋን ገጹ ላይ ሲጋገር መንተክተኩ ይቆማል፤ ሰው ይህን አይቶ “አሲዱ አልቋል” ብሎ ጠንካራ አሲድ ይጨምራል። አሲዱ አላለቀም፤ መንገዱ ነው የተዘጋው።

#7 ሂሳብ_በእጅ

የወንፊት63ን ቁጥር በሂሳብ ላግዝ፣ ባልዲ ስትገዙ ይጠቅማልና።

100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ለመብላት 120 ግራም ንጹህ አሴቲክ አሲድ ይሄዳል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ 1.2 ኪሎ ንጹህ አሲድ፣ ማለትም 12 ሊትር 10% ያስፈልጋል። 15 ሊትር ያለው ለዚህ ነው፦ 1.5 ኪሎ አሲድ ይይዛል፤ 150 ግራሙ ዱቄት 180 ግራም ይወስዳል፤ የቀረው 1.1 ኪሎ ድንጋይ ለመብላት ይበቃል። መጨረሻው ላይ አሲዱ እየደከመ ስለሚዘገይ ያቺ ትርፍ የግድ ናት።

የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ኪሎ ድንጋይ 440 ግራም፣ በክፍል ሙቀት 240 ሊትር ገደማ ነው። ክዳኑን ገጥሞ መዝጋት ባልዲውን ማፈንዳት ነው። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት ሳይከፈት ማስቀመጥም አደጋ ነው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል።

ስዊድን ላሉ፦ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው 24% አቼቶ ይበቃል። ለ15 ሊትር 10% ከእሱ 6.25 ሊትር፣ ውኃ 8.75 ሊትር። ቀለምና ቅመም የሌለበት ይሁን። የተለመደው 5% የምግብ አቼቶም ይሠራል፣ ግን ለ1 ኪሎ ድንጋይ 24 ሊትር ይፈልጋል፣ ፍጥነቱም የኤሊ ነው። 99% ንጹሁን የምትገዙ ደግሞ ከ16.6 ዲግሪ በታች እንደሚረጋ እወቁ፤ ክረምት ጋራዥ ውስጥ ጠርሙሱ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በ39 ዲግሪ እሳት የሚይዝ እንፋሎት ስለሚሰጥም እሳት አጠገብ ማቅለጥ የለም፤ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ። ስትቀላቅሉ ሁልጊዜ አሲድ ወደ ውኃ፣ መነጽርና ጓንት ተደርጎ።

#8 አቼቶ

በአክብሮት ልቃወም። መግሪያው ሥራውን በግማሽ ያዘገየዋል። ብዙ የኮኖዶንት ላብራቶሪዎች ተራ 10% አሴቲክ ተጠቅመው ለዓመታት ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ለጀማሪ ነገሩን ማወሳሰብ አይሆንም?

#9 ወንፊት63

ኮኖዶንት ጥርስ መሳይ ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው፤ ላዩ ትንሽ ቢበላ ቅርጹ አይጠፋም። የኦርስተን እንስሳ ግን ሌላ ነው። ፎስፌቱ የቆዳውን ገጽ የሸፈነ በማይክሮን የሚቆጠር ስስ ፊልም ነው፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የእንቁላል ቅርፊት አስብ። እግሩ ላይ ያለው ፀጉር ከሰው ፀጉር እጅግ ይቀጥናል። ለኮኖዶንት “መጠነኛ ጉዳት” የሚባለው እዚህ ሙሉ ጥፋት ነው።

መፈተኛም አለ። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ቅርፊታቸው ከጥንትም ፎስፌት የሆነ የሊንጉላ ዘመድ ብራኪዮፖዶች (ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳት) ይገኛሉ። ዝቃጩ ውስጥ ስብርባሪያቸው ቢያብለጨልጭ አሲድህ ደህና ነበር። የኖራ ቅብ የመሰለ፣ የደበዘዘ፣ ጉርብጥብጥ ያለ ሆኖ ከወጣ የቀረው ሁሉ ተበልቷል።

#10 አቼቶ

ገባኝ። ስለ ባዶነቱ ያልከው አሳምኖኛል፤ ለኦርስተን መግሪያው ይግባ።

#11 እህተ_ሌንስ

ሁላችሁም አሲዱ ላይ ቆማችሁ። የባሰ ጥፋት የሚደርሰው ከአሲዱ በኋላ፣ በእጥበትና በማድረቅ ላይ ነው።

ወንፊት ሁለት ይሁን፦ ከላይ 2 ሚሊሜትር፣ ከታች 63 ማይክሮን። ከላይ የቀረው ያልሟሟ ድንጋይ ወደ ባልዲ ይመለሳል። እንስሳቱ ከ0.1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሆኑ 125 ማይክሮን ወንፊት እጮቹን አሳልፎ ይደፋል። ፈሳሹን ከባልዲው ስትቀዳ ወንፊቱን በከፊል ውኃ በያዘ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠህ ይሁን፤ ውኃው እንደ ትራስ ይቀበለዋል። ከቧንቧ በግፊት የሚወርድ ውኃ እግር ይሰብራል። በጣት ማሸትማ ጨርሶ የለም።

ከዚያ እጥበት። ዝቃጩ ውስጥ የቀረ ካልሲየም አሴቴት ሲደርቅ መርፌ የመሰለ ክሪስታል ይሆናል፤ ክሪስታሉ በባዶው አካል ውስጥ አድጎ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ንጹህ ውኃ ጨምሮ፣ አስቀምጦ፣ ማዝቀጥ፣ ከላይ ቀስ ብሎ መቅዳት፤ ቢያንስ ለሁለት ቀን፣ ስድስትና ሰባት ጊዜ። መጨረሻ የቀዳኸውን ውኃ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርቀህ እይ፤ ነጭ ቀለበት ከተወ አልጠራም። የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውኃ፣ ከዚያ በአልኮል ይሁን። ውኃ ሲደርቅ ቀጫጭን ነገሮችን እርስ በርስ ስቦ ያጣብቃል፤ አልኮል ግን ጉልበቱ ያነሰ ነው። ማድረቂያው የክፍል አየር ወይም ከ40 ዲግሪ የማይበልጥ ሙቀት።

ለቀማው በጥቁር ሳህን ላይ፣ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ከ25 እስከ 50 እጥፍ አጉልቶ ነው። መሣሪያው ብረት መቆንጠጫ አይደለም። ቁጥሩ 000 የሆነ ቀጭን ብሩሽ፣ ጫፉ በውኃ ረጠብ ብሎ፣ እንስሳው ራሱ ተጣብቆ እንዲነሳ። ዝቃጩን ሳህኑ ላይ እንደ በርበሬ ሳሳ አድርገህ በትን፤ ከተቆለለ አይታይም። ዝቃጩ ጥቁር ሲሆን እንስሳቱ ከነጣ ማር እስከ ቡናማ ይሆናሉ። በመጀመሪያ ዓይን የሚገቡት የፎስፌቶኮፒን ቅርፊቶች ናቸው፤ እንደ ጥቃቅን የባቄላ ክክ ሁለት ሁለት ሆነው። ቬስትሮጎቲያና ሄስላንዶና ከእነዚህ ወገን ናቸው። አፉን ገርበብ ያደረገ ካገኘህ አትክፈተው፤ እግሮቹ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። የላቲን ፊደል “W” የመሰለ ባለ ጫፍ ነገር ቬስተርጎርዶዲና፣ የጥንት ኮኖዶንት መሳይ ነው። ካምብሮፓኪኮፒ ብርቅ ናት፤ ራሷ በሙሉ አንድ ትልቅ ዓይን ሆኖ ወደ ፊት የወጣ። ካየሃት እጅህ እስኪረጋ ቆም በል።

#12 ግራናይት

ለቀማውን ለማሳጠር ከባድ ፈሳሽ መጠቀምስ? የሶዲየም ፖሊታንግስቴትን እፍጋት 2.8 ላይ አድርጎ አፓታይቱን ማስመጥ ነው። አፓታይት 3.1 እስከ 3.2 ነው፣ ካልሳይትና ኳርትዝ 2.7 አካባቢ ይንሳፈፋሉ።

#13 እህተ_ሌንስ

ለኮኖዶንት እሺ። ለዚህ አልመክርም፤ ሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ ባዶ የሆነው አካል ውስጡ አየር ወይም ቀላል ፈሳሽ ስለሚይዝ ከሚንሳፈፈው ጋር ይወጣል። የሚሰምጠው የተሰበረው ነው፤ ምርጡን ደፍተህ ስብርባሪውን ትለቅማለህ። ሁለተኛ፣ ከአሉም ሼል የሚመጣ ዝቃጭ ፓይራይት በብዛት አለው፤ እፍጋቱ 5 ስለሆነ እሱም አብሮ ይሰምጣል፣ ያው ከጥቁር ክምር ትለቅማለህ። የግድ ከተጠቀምክ ሁለቱንም ክፍል ልቀም፤ ከዚያ በፊት ካልሲየም አሴቴቱ ፍጹም መታጠቡን አረጋግጥ፣ ካልሲየም ከታንግስቴቱ ጋር ነጭ ዝቃጭ ሠርቶ ውዱን ፈሳሽ ያበላሻል።

#14 ጥቁርሼል

አንድ ነገር ልጨምር፦ ለምን ትንንሾቹ ብቻ? በዚያው ድንጋይ ውስጥ ያሉ ትልልቅ ትሪሎባይቶች (ባለ ጋሻ የጥንት የባሕር እንስሳት) የተጠበቀላቸው ጋሻ እንጂ እግር አይደለም። ለስላሳ አካላቸው የተጠበቀው ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆኑት ናቸው።

የባሕሩ ወለል ኦክስጅን ያጠረው፣ ደለሉ በጣም በዝግታ የሚከማችበት ነበር። ፎስፌቱ ገላቸውን የሸፈነው ገና ሳይበሰብሱ ነው፤ ስለዚህ ፎስፈረስ በአካባቢው በብዛትና በፍጥነት መገኘት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓን ተመራማሪዎች ምንጩ ጥቃቅን የእንስሳት እበት እንደሆነ ሐሳብ አቀረቡ፤ ቅሪቶቹ በብዛት የሚገኙት እበት በተከማቸባቸው ስስ ንብርብሮች ውስጥ ስለሆነ። ሐሳቡን እቀበለዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዱ ድንጋይ ሞልቶ ጎረቤቱ ለምን ባዶ እንደሚሆን ያስረዳል። ለሥራም ይጠቅማል። ድንጋይህን ከንብርብሩ አንጻር ቀጥ አድርገህ ቁረጥ፤ ለስልሶ ሲታይ ክብ ክብ ጥቃቅን ፍሬ የሞላበት ስስ መስመር ካለ ያንን ለይተህ መጀመሪያ አሟሟ።

ቀጥሎ ኮንክሪሽኑ ሼሉ ሳይጨመቅ በፊት በካልሳይት ጠነከረ። በዙሪያው ያለው ሼል ውስጥ ቅሪቶች እንደ ወረቀት ተጨፍልቀዋል፣ ኮንክሪሽኑ ውስጥ ግን ሙሉ ቅርጻቸውን ይዘዋል።

#15 ሰሜን_ተጓዥ

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ትግራይ ውስጥ ነጋሽ አካባቢ ጥቁር ኖራ ድንጋይ አለ። ካምብሪያን ሊሆን ይችላል? በዚሁ መንገድ ቢሞከርስ?

#16 ጥቁርሼል

አይደለም። የነጋሽ ጥቁር ኖራ ድንጋይ የተምቤን ግሩፕ አካል ነው፤ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ኒዮፕሮቴሮዞይክ፣ ከካምብሪያን እጅግ የቀደመ። እግር ያለው እንስሳ ገና አልነበረም። ዋጋው ሌላ ነው፦ በዓለም ላይ ከታወቁት ትልልቅ የበረዶ ዘመናት ከአንዱ በፊት የነበረውን ባሕር በካርቦን አይሶቶፕ ይመዘግባል። መቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ደግሞ ጁራሲክ ነው፣ በጣም የቅርብ። በሁለቱ መሐል ያለው የእንትጮ አሸዋ ድንጋይና የዕዳጋ ዓርቢ የበረዶ ደለል ነው። እዚያ የካምብሪያን ኖራ ድንጋይ የለም።

ኦርስተን መሰል የፎስፌት አጠባበቅ ከስዊድን ውጭ ከፈለግህ በቻይናና በአውስትራሊያም ወጥቷል። ከእንግሊዝ ኮምሊ፣ ከታችኛው ካምብሪያን ኖራ ድንጋይ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 እግሯ የተጠበቀ ፎስፌቶኮፒን ታትማለች።

#17 ሂሳብ_በእጅ

ስለ ጨረር ማንም አላነሳም። አሉም ሼል ዩራኒየም አለው፤ በቢሊንገን ተራራ ራንስታድ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለዩራኒየም ተቆፍሮ ነበር። ኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ከሼሉ በጣም ያነሰ ነው፣ ቢሆንም ሼል የተጣበቀበትን ድንጋይ በብዛት መኝታ ቤት አታከማቹ፤ ራዶን የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ይለቃል። ስዊድን ውስጥ ከተቃጠለ አሉም ሼል የተሠራው ሰማያዊ ኮንክሪት እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ተመርቶ የቆመው ለዚሁ ነው። ስትሰብሩ አቧራውን በውኃ አርጥቡ።

በአካባቢው የምታዩት ቀይ የአመድ ክምር ሼሉ ኖራ ለማቃጠያ ማገዶ ከሆነበት ዘመን የቀረ ነው። ከዚያ ላይ የተነሳ ድንጋይ እሳት ነክቶታል፤ አትድከሙበት።

ፈቃድንም አትርሱ። አካባቢው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በዩኔስኮ የታወቀ ጂኦፓርክ ውስጥ ነው። ጂኦፓርክ መሆኑ በራሱ ማንሳትን አይከለክልም፣ በውስጡ ያሉ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች ግን ይከለክላሉ። ወሰኑን ካርታ ላይ አይቶ፣ ባለመሬቱን ጠይቆ ነው።

#18 ድንጋይ_ለቃሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ግማሽ ኪሎ ለሙከራ ለይቼ 7.5 ሊትር 10% አዘጋጀሁ። ለመግሪያ 75 ግራም የተፈጨ የሰሌዳ ጠመኔ ጨመርኩ። ብዙም አልተንተከተከም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፒኤቹ 2.4 ነው፣ ሥሩ ነጭ ዱቄት ተኝቷል። ድንጋዩን ገና አላስገባሁም። ምን አጠፋሁ?

#19 ወንፊት63

እንኳን ድንጋዩን አላስገባህ። የሰሌዳ ጠመኔ ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ነው፣ ካልሲየም ሰልፌት፤ አሲዱን አይገራም። የተኛው ዱቄት እሱ ነው። በዚህ ፈሳሽ ብትቀጥል ደግሞ ጥቂቱ ሟሙቶ ኋላ በዝቃጭህ መሐል የጂፕሰም መርፌ ሆኖ ይረጋል፤ ከእንስሳት እግር ለመለየት ዓይን ያደክማል። የአትክልት ኖራም እንዳትሞክር፣ ብዙው ዶሎማይት ስላለበት በአሴቲክ በጣም ይዘገያል።

ፈሳሹን በቡና ማጣሪያ አሳልፈህ ለሌላ ሥራ አውለው እንጂ ለዚህ ባልዲ አትመልሰው። ባልዲውን እጠብና አዲስ 7.5 ሊትር ሥራ፣ በ75 ግራም የንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት፤ መለያው ላይ ስሙ በግልጽ የተጻፈበት። ኃይለኛ አረፋ ይነሳል፣ በሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለህ ጨምር። አረፋው ሲያልቅ ፒኤቹ 3.9 ገደማ መሆን አለበት። 3.6 ካልደረሰ በሊትር 2 ግራም እየጨመርክ ለካ። ከደረሰ በኋላ ድንጋዩን ከነመረቡ አውርድና ቀኑን፣ ክብደቱን፣ ፒኤቹን ባልዲው ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፍ።

#20 እህተ_ሌንስ

ስትጽፍ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደነበር ግማሽ ኪሎው ማስቀመጫ ላይም ቀስት አድርግበት። የለቀምከውን የምታስቀምጥበት ባለ ክፍል ስላይድ ላይም ያው ቁጥር ይግባ። ቁጥር የሌለው እንስሳ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

#21 ድንጋይ_ለቃሚ

አዲሱ ፈሳሽ 3.8 ላይ ቆሟል። ድንጋዩ ገብቷል፤ ቀስ በቀስ ጥቃቅን አረፋ ይለቃል። ቀስቱም ቁጥሩም ተጽፏል።

#22 ወንፊት63

ጥሩ ነው። በሦስተኛው ቀን አንስተህ ነከር አድርገው፣ እስከዚያ አትነካካው።